ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ፦ የዓሣዎችን የአካል አሠራር አነጻጽሮ የመመደብ ዝርዝር መመሪያ

ከሰበታ፣ ከዓለም ገናና ከፉሪ አካባቢ ተማሪዎች የሚደርሱኝ የዓሣ ማነጻጸሪያ ሪፖርቶች አብዛኞቹ የሚወድቁት በአንድ ቦታ ነው። ቆሮሶና ካርፕ «ባለ ቅርፊት» ተብለው በአንድ ጎራ ይሰለፋሉ፤ አምባዛ «ቅርፊት የለሽ» ተብሎ ለብቻው ይቀራል። ሥዕሉ ያምራል፣ የአካል ክፍሎቹ ስም በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል፣ ድምዳሜው ግን የተገለበጠ ነው። ካርፕ በዝምድና የሚቀርበው ለቆሮሶ ሳይሆን ለአምባዛ ነው። ማስረጃው ደግሞ ትሪው ላይ ተኝቷል፤ ከፊሉ ምንም ሳይቆረጥ ከውጭ ይታያል፣ ከፊሉ ከጭንቅላቱ ውስጥ ተለቅሞ ይወጣል።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በተለይ ደረጃ 3ን ሳትጨርሱ ቢላ አታንሱ። አንዴ የተቆረጠ ክንፍ ተመልሶ አይቆጠርም።

ደረጃ 1፦ ዓሣውን መግዛት

የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ዓሣዎች ናቸው፦ አንድ ቆሮሶ፣ አንድ አምባዛ፣ አንድ ካርፕ። ሦስቱም ከቆቃ ግድብና ከዝዋይ ሐይቅ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጡ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ዓሣ ቤቶች ሊገኙ ይችላሉ።

1. ከአንድ ቀን በፊት ለሻጩ ንገሩት። «ሙሉ ዓሣ፣ ሆዱ ያልተከፈተ፣ ቅርፊቱ ያልተፋቀ፣ ክንፉ ያልተቆረጠ» በሉት። ይህን ካላላችሁ ሻጩ በደግነቱ አጽድቶ ይሰጣችኋል፤ ሥራው በዚያው አበቃ ማለት ነው።
2. ፊሌቶ አትግዙ። ጭንቅላት፣ ክንፍና የሆድ ዕቃ ከሌለ የሚነጻጸር ነገር የለም።
3. ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ። ቀይ ከሆነ ውሰዱ፤ ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ከዞረ ተዉት። ዓይኑ የጎደጎደና የደፈረሰ ከሆነም ተዉት። ካልቀዘቀዘ ከሥጋው ቀድሞ የሚበሰብሰው ሆድ ዕቃው ነው፤ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት እሱን ነው።
4. መጠናቸው በተቻለ መጠን የተቀራረበ ይሁን። ቢያንስ ከ25 ሴንቲሜትር አይነሱ፤ ትናንሽ ዓሣዎች ላይ የደረጃ 8 አጥንቶች አይለቀሙም።
5. በረዶ ባለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዕለቱም ሥሩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ግድ ከሆነ በረዶ እስኪሆን ድረስ አታድርቁት፤ ሲቀልጥ አንጀቱና ጉበቱ ይላሽቃሉ።

በዐቢይ ጾም ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል፤ የምትሠሩት በዚያ ወቅት ከሆነ ቀደም ብላችሁ እዘዙ።

ማስጠንቀቂያ። ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ ከአቃቂ ወንዝ ወይም ከአባ ሳሙኤል ግድብ ራሳችሁ አታጥምዱ። ውሃው በከተማና በፋብሪካ ፍሳሽ የተበከለ ነው፤ ለምርመራ ብቻ ነው ቢባልም እጃችሁን የምታስገቡት እሱው ውስጥ ነው።

ካርፕ ብላችሁ የገዛችሁት ጢም ከሌለው፦ ካራሲየስ የሚባል የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ዝዋይ ውስጥ ይገኛል። መልኩ ካርፕ ይመስላል፣ አፉ ጎን ግን ጢም የለውም። መጣል አያስፈልግም፣ ግን በሪፖርታችሁ ላይ «ካርፕ» ብላችሁ አትጻፉ።

አምባዛው በሕይወት ካለ፦ ይህ ዓሣ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት ይቆያል። ሻጩ ገድሎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ የስንጥቡን ክዳን እዩ፣ ዓይኑን በእርሳስ ጫፍ ነካ አድርጉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አትጀምሩ፤ ሥራውን ለሚያውቅ አዋቂ ስጡት።

ደረጃ 2፦ ዕቃና ጠረጴዛ

ሦስት ሰፊ ትሪዎች፣ ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ መቀስ፣ ስለታም ቢላ፣ ወረንጦ፣ ረጃጅም መርፌዎች፣ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ክር፣ ጓንት፣ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃና አሮጌ ድስት አዘጋጁ። ድስቱ ለደረጃ 8 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለምግብ ስለማይውል ከእናታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሦስቱንም ዓሣዎች ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ፣ ሆዳቸውን ወደ እናንተ አድርጋችሁ አስተኙ። ይህን እስከ መጨረሻው አትለውጡ። አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ተኝቶ የተሣለበት ሪፖርት ሲታረም ግማሹ ጊዜ የሚጠፋው ሥዕሉን በማገላበጥ ነው።

ሰንጠረዡን አሁኑኑ ስሩ፦ ሦስት ዓምድ ለሦስቱ ዓሣዎች፣ ረድፎቹ ደግሞ በሚቀጥሉት ደረጃዎች የሚጠየቁት ነገሮች። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ «ቅርፊት» ብላችሁ አትጀምሩ። ቅርፊት መጨረሻ ይመጣል፤ ምክንያቱን ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቢላ ሳይነሳ ከውጭ መመርመር

ከጠቅላላው ሥራ ረጅሙን ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በሦስቱም ዓሣዎች ላይ ካያችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ። አንዱን ዓሣ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ማነጻጸር አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ መግለጫዎች መጻፍ ነው።

*ሀ. የሆድ ክንፍ ቦታ።* ከሁሉ በፊት ይህን እዩ። ጥንድ የሆኑት ክንፎች አራት ናቸው፦ ሁለት የደረት፣ ሁለት የሆድ። በቆሮሶ የሆድ ክንፎቹ ወደ ፊት ተጠግተው ከደረት ክንፎቹ በታች ማለት ይቻላል ይገኛሉ። በካርፕና በአምባዛ ግን ወደ ኋላ ርቀው ሆዱ መካከል ላይ ናቸው። ሰንጠረዡ ላይ «ደረት ሥር» ወይም «ሆድ መካከል» ብላችሁ ጻፉ። ካርፕን ከአምባዛ ጎን የሚያሰልፈው የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን ዓይናቸው ቅርፊት ላይ ስለሚያርፍ ያልፉታል።

*ለ. የጀርባ ክንፍ እሾሆች።* ክንፉን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ከኋላ ወደ ፊት አንሡና ዘርጉት፤ ጫፍና ጫፉን በመርፌ ያዙት። በቆሮሶ የፊተኛው ክፍል በጠንካራና ሹል እሾሆች የተደገፈ ነው፤ ብዛታቸው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ይደርሳል። ከእነሱ ቀጥሎ ለስላሳና ጫፋቸው የተከፋፈለ ዘንጎች ይመጣሉ። ሁለቱን ለይታችሁ ቁጠሩ። የፊንጢጣ ክንፉም ሦስት እሾሆች አሉት።

በአምባዛ የጀርባ ክንፉ ከጭንቅላቱ ኋላ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ አካባቢ ይዘልቃል፤ አንድም እሾህ የለውም። ዘንጎቹ ከ60 በላይ ስለሆኑ መብራት ፊት ይዛችሁ፣ በየአሥሩ መርፌ እየተከላችሁ ቁጠሩ።

ስህተት የሚበዛበት ቦታ፦ በካርፕ የጀርባ ክንፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ፣ ጀርባው እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ጠንካራ እሾህ አለ። የፊንጢጣ ክንፉም ተመሳሳይ አለው። ተማሪዎች ይህን አይተው «እሾህ አለው፣ ስለዚህ ከቆሮሶ ጋር» ይላሉ። እሾሁ በእርግጥ የጠነከረ ዘንግ ነው። የቆሮሶ እሾሆች ተከታትለው የተደረደሩ ናቸው፤ የካርፑ ግን አንድ ጎልቶ የሚታይ፣ ከፊቱ ጥቂት ደቃቃዎች ያሉት ነው። ሰንጠረዡ ላይ «አንድ ባለ መጋዝ» ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

*ሐ. የደረት ክንፍ።* አምባዛ ላይ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ። የደረት ክንፉ ጠንካራና ጥርሳም እሾህ አለው፤ ዓሣው ሞቶም ይወጋል። ከተወጋችሁ ደሙን ትንሽ አፍስሱ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡ። እብጠቱ ከጨመረ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

*መ. ጢም።* አምባዛ አራት ጥንድ ጢም አለው፦ አንዱ ጥንድ አፍንጫው አጠገብ፣ አንዱ በላይኛው መንጋጋ፣ ሁለቱ በታችኛው መንጋጋ። ካርፕ ሁለት ጥንድ አለው፤ የላይኛው ጥንድ በጣም አጭር ስለሆነ ከንፈሩን በመርፌ ጎተት አድርጋችሁ ካላያችሁ አንድ ጥንድ ብቻ ትቆጥራላችሁ። ቆሮሶ ምንም የለውም።

*ሠ. የአፍንጫ ቀዳዳ።* አጉሊ መነጽሩን አውጡ። ካርፕና አምባዛ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው፤ በአምባዛ የፊተኛው እንደ ትንሽ ቱቦ ወጣ ያለ ነው። ቆሮሶ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛውን ስታጡ በመርፌ አትብሱ፤ የቆሮሶ አስተኔ አንዱ መለያ ይኸው ነው።

*ረ. የጎን መስመር።* ከስንጥብ ክዳን ጀምሮ ወደ ጅራት የሚሄደውን የቀዳዳዎች መስመር ተከተሉ። ካርፕና አምባዛ ላይ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ቆሮሶ ላይ ከላይ በኩል ተጉዞ የጀርባ ክንፉ ማብቂያ አካባቢ ይቆምና ዝቅ ብሎ በጅራቱ መካከል እንደገና ይጀምራል። መስመሩ አልታይ ካለ ዓሣውን በጨርቅ አድርቁና ብርሃኑን ከጎን አድርጉት።

*ሰ. ቅርፊት።* አሁን ሁለት ሁለት ቅርፊት ከጀርባ ክንፍ በታች፣ ከጎን መስመር በላይ በወረንጦ ንቀሉ። አጥባችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ። የካርፕም የቆሮሶም ጠርዛቸው ለስላሳ ነው። «ባለ እሾህ ክንፍ ዓሣዎች ቅርፊታቸው ጥርሳም ነው» የሚል የመማሪያ ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ ቆሮሶ ለዚያ ሕግ አይገዛም። ያያችሁትን ጻፉ እንጂ የተጻፈውን አትዩ። አምባዛ ላይ በቢላ ጀርባ ብትፍቁም የሚወጣው ልጋግ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ መለካት

ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ክንፍ መነሻ ድረስ ለኩ፤ የጅራት ክንፉን አትጨምሩ፣ ሲያዝ ይቀደዳል፣ ልኬቱንም ያዛባል። ከዚያ ከፍተኛውን የሰውነት ቁመት ለኩ፣ ርዝመቱን ለቁመቱ አካፍሉ። 25 ሴንቲሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ቆሮሶ 2.5 ይሆናል። የሚነጻጸረው ይህ ውጤት እንጂ ሴንቲሜትሩ አይደለም። በአምባዛ በተጨማሪ የጭንቅላቱን ርዝመት ለኩ፤ የአካሉ ሲሶ ያህል ነው።

ደረጃ 5፦ ሆዱን መክፈት

1. የመቀሱን ሹል ጫፍ ፊንጢጣው ፊት ባለው ቆዳ ላይ አስገቡ። ጫፉን ወደ ላይ፣ ወደ ቆዳው እንዲያይ አድርጋችሁ ወደ ፊት ቁረጡ። ጫፉ ወደ ታች ካየ አንጀት ትበሳላችሁ።
2. በካርፕና በአምባዛ በሆድ ክንፎቹ መካከል እለፉ። በቆሮሶ ግን የሆድ ክንፎቹ አጥንት ከደረቱ አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ መቀሱ ይቆማል። አትግፉ፤ ወደ ግራ ጎን ጥቂት ዞር ብላችሁ እለፉ።
3. የስንጥብ ክዳኑ ሥር ስትደርሱ ቁሙ። ከዚያ በፊት ያለው ልቡ ነው።
4. ወደ ፊንጢጣ ተመለሱ፤ ከዚያ ወደ ላይ በቅስት እየቆረጣችሁ ከአከርካሪው በታች እስከ ስንጥቡ ሂዱ። እዚህ መቀሱን ጠለቅ አታድርጉ፤ የአየር ከረጢቱ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ነው ያለው።
5. የተቆረጠውን የጎን ግድግዳ በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ የያዘ ስስ ሽፋን ካለ በመርፌ አላቁት።

ሐሞቱ ከፈሰሰ፦ አረንጓዴ ቢጫ ፈሳሽ ሁሉን ነገር ያቀልማል። ወዲያው ትሪውን አዘንብላችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። ከዘገያችሁ ጉበቱና አንጀቱ አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛሉ፤ ያኔ በቀለም ሳይሆን በቅርጽ ለዩ።

ትል ካያችሁ፦ በአምባዛና በቆሮሶ ሆድ ውስጥ ወይም ልብ አካባቢ የተጠቀለሉ ትሎች መገኘታቸው በስምጥ ሸለቆ ዓሣዎች የታወቀ ነው። ዓሣውን አትጣሉት፤ ትሎቹን በወረንጦ ለዩ፣ ቦታቸውን መዝግቡ። ነርቭ ወይም የዘር ቧንቧ ብላችሁ እንዳትሥሏቸው ብቻ ተጠንቀቁ። የመረመራችሁትን ዓሣ ግን አትብሉ።

ደረጃ 6፦ የሆድ ዕቃ

*ጨጓራ።* በአምባዛ ትልቅና ጡንቻማ ነው። በቆሮሶ ትንሽ ከረጢት ነው። በካርፕ ጨጓራ የለም፤ ጉሮሮው በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። የአንጀቱ መጀመሪያ ሰፋ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሰው «ጨጓራ» ብሎ ይጽፍበታል። ሰንጠረዡ ላይ «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ መምህራችሁ ቢጠራጠር ቆርጣችሁ ግድግዳውን አሳዩት።

*አንጀት።* ከዓሣው አውጡትና ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ፣ የያዘውን ስስ ሽፋን በመርፌ እያላቀቃችሁ ዘርጉ። በእጅ አትጎትቱ፤ ይለጠጥና የሐሰት ልኬት ይሰጣችኋል። ክር አብራችሁ ዘርግታችሁ ክሩን ለኩ። የቆሮሶው የሰውነቱን ርዝመት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ደቃቅ ዋቅላሚ የሚመገብ ዓሣ ነው። የአምባዛው አጭር ነው፤ ሥጋም ያገኘውንም ይበላል። ካርፕ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የአንጀት ርዝመት ስለ አመጋገብ እንጂ ስለ ዝምድና አይነግራችሁም፤ ለምደባ አትጠቀሙበት።

*ጉበት።* በካርፕ ጉበቱ በአንጀቱ ጥቅልሎች መካከል ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ሙሉ አድርጎ ማውጣት አይቻልም። ቢቆራረጥባችሁ ያጠፋችሁት ነገር የለም።

*የአየር ከረጢት።* በካርፕ ሁለት ክፍል ያለው ነጭና ጠንካራ ከረጢት ነው፤ ከመካከሉ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ ወደ ጉሮሮ ትሄዳለች። ቱቦዋን ካላያችሁ ከረጢቱን ከመነቀላችሁ በፊት በሁለቱ ክፍሎች መገናኛ ላይ ፈልጓት። በቆሮሶ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ግድግዳው ስስ፣ ቱቦ የለውም። በአምባዛ ብዙዎች «የለውም» ብለው ይጽፋሉ፤ አለው፣ ግን ትንሽ ሆኖ ከጭንቅላቱ ኋላ ከፊሉ በአጥንት ተሸፍኗል።

*ኩላሊት።* ከአከርካሪው ሥር ያለውን ጥቁር ቀይ ነገር የረጋ ደም መስሏችሁ በማንኪያ አትፋቁት። ኩላሊቱ እሱ ነው። በካርፕ በአየር ከረጢቱ ሁለት ክፍሎች መካከል ወፈር ብሎ ይታያል።

ደረጃ 7፦ ስንጥብና ልብ

የግራውን የስንጥብ ክዳን ከሥሩ ቆርጣችሁ አንሡ። በሦስቱም አራት አራት የስንጥብ ቅስቶች አሉ። አምባዛ ላይ ከቅስቶቹ በላይ፣ ከጭንቅላቱ አጥንት ሥር ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቀይ አካል ታገኛላችሁ። አየር የሚተነፍስበት ይህ ነው፤ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ቅስት የሚነሣ ነው። ከቅስቶቹ ጋር አብራችሁ ቆርጣችሁ ካወጣችሁት ይበጣጠሳል፤ መጀመሪያ የላዩን አጥንት አንሡ።

ልብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የዓሣ ልብ ደም የሚገፉ ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። ከፊቱ የምትታየውን ነጭ ጉብታ እንደ ሦስተኛ ክፍል አትቁጠሩ፤ የደም ሥሩ መነሻ ናት።

ደረጃ 8፦ ጭንቅላቱን ቀቅሎ አጥንት መልቀም

አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ትልቁ ማስረጃ ግን እዚህ ነው።

1. የካርፑንና የቆሮሶውን ጭንቅላት ከመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት የአከርካሪ አጥንቶች ጋር አብራችሁ ቁረጡ። ጭንቅላቱን ስንጥቡ ጫፍ ላይ ብቻ ከቆረጣችሁት የምትፈልጉት ይጠፋል።
2. ለየብቻ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀቅሉ። ሥጋው በወረንጦ ሲነካ ከተላቀቀ አውጡ። ከዚህ በላይ ከቆየ አጥንቶቹ ተበታትነው ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም።
3. ቀዝቀዝ ሲል ከኋለኛው የስንጥብ ቅስት ኋላ ያለውን አጥንት ፈልጉ። በቆሮሶ ደቃቅ ጥርሶች የሞሉበት አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ይወጣል። በካርፕ ሁለት የተለያዩ ጎባጣ አጥንቶች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አምስት ወፋፍራም ጥርሶች በሦስት ረድፍ አሉ። ካርፕ በመንጋጋው ላይ ምንም ጥርስ የለውም፤ የሚፈጨው በእነዚህ ነው።
4. አሁን ወደ ካርፑ አከርካሪ ተመለሱ። ከመጀመሪያዎቹ አጥንቶች ጎን፣ በአየር ከረጢቱ ፊተኛ ጫፍና በጭንቅላቱ ኋላ መካከል ትናንሽ አጥንቶች በሁለቱም ጎን ታገኛላችሁ። በየጎኑ አራት ናቸው፤ ትልቁ ጎበጥ ያለና በዓይን በቀላሉ የሚታይ ነው፤ ሌሎቹ አጉሊ መነጽር ይፈልጋሉ። ሥራቸው የአየር ከረጢቱን ንዝረት ወደ ጆሮ ማድረስ ነው።
5. በቆሮሶው ላይ ተመሳሳዩን ቦታ ፈልጉ። የለም። «አላገኘሁም» ሳይሆን «የለም» ብላችሁ ለመጻፍ ሁለቱንም ጎን ፈትሹ።

በአምባዛም እነዚህ አጥንቶች አሉ። ሆኖም ከአካባቢያቸው አጥንት ጋር ስለተጣበቁ ለጀማሪ መልቀሙ አድካሚ ነው። ጊዜ ካላችሁ ሞክሩ፤ ከሌላችሁ የአየር ከረጢቱ የተሸፈነበትን አጥንት ማሳየት ይበቃል።

አጥንቶቹ ከጠፉ፦ ውሃውን በወንፊት ሳታጠልሉ አትድፉ። ትልቁ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ድስቱ ታች ይገኛል።

ደረጃ 9፦ መመደብ

ሰንጠረዡ ሙሉ ነው። አሁን ጥያቄዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

1. መንጋጋ አለው? ሦስቱም አላቸው። መንጋጋ የለሾቹን እነ ላምፕሬይን ተዉ።
2. አጽሙ አጥንት ነው ወይስ እንደ ሻርክ ለምለም አጥንት? ሦስቱም አጥንት ናቸው።
3. ክንፉ በቀጫጭን ዘንጎች የተወጠረ ነው ወይስ እንደ ሳምባ ዓሣ ሥጋማ ግንድ አለው? ሦስቱም ባለ ዘንግ ናቸው። መደባቸው አክቲኖፕተሪጂ ነው።
4. ከአየር ከረጢት ወደ ጆሮ የሚያደርሱ አጥንቶች አሉ? ካርፕና አምባዛ አዎ፤ ቆሮሶ የለም። መለያያው እዚህ ነው። የሆድ ክንፍ ቦታና የእሾህ ድርድሩም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ሁለቱ ኦቶፊሲ በሚባለው ቡድን ውስጥ ይገባሉ።
5. ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል መንጋጋው ጥርስ አልባ፣ የጉሮሮ ጥርስ ያለው የትኛው ነው? ካርፕ፦ ክፍለ መደብ ሳይፕሪኒፎርምስ፣ አስተኔ ሳይፕሪኒዴ፣ ዝርያ ሳይፕሪነስ ካርፒዮ። ቅርፊት የለሽ፣ አራት ጥንድ ጢም፣ መንጋጋው በደቃቅ ጥርስ የተሸፈነው አምባዛ፦ ክፍለ መደብ ሲሉሪፎርምስ፣ አስተኔ ክላሪዴ፣ ዝርያ ክላሪያስ ጋሪፒነስ።
6. ቆሮሶ፦ አስተኔ ሲክሊዴ፣ ዝርያ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ። ክፍለ መደቡን የቆዩ መጻሕፍት ፐርሲፎርምስ፣ አዳዲሶቹ ሲክሊፎርምስ ይሉታል። በትምህርት ቤታችሁ መጽሐፍ ያለውን ጻፉና ሌላውን በኅዳግ አስታውሱ።

ቅርፊት የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠበት ምክንያት ይህ ነው፦ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳን ይለዋወጣል። ካርፕ ራሱ ጥቂት ትልልቅ ቅርፊቶች ብቻ ያሉት ዓይነት አለው፤ ዝርያው ግን ያው ሳይፕሪነስ ካርፒዮ ነው። የቀለም ነገርማ አይነሣ፤ አንዱ ቆሮሶ በውሃውና በመራቢያ ወቅቱ ይጠቁራል፣ ይቀላል።

ሥዕሉን ስትሥሉ አንድ ግንድ አውጡ፤ መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት፣ በአንዱ ጫፍ ቆሮሶ፣ በሌላው ጫፍ እንደገና ለሁለት ተከፍሎ ካርፕና አምባዛ። በእያንዳንዱ መገንጠያ ላይ ማስረጃውን ጻፉበት፤ የዓሣውን ስም ብቻ የያዘ ዛፍ ነጥብ አያስገኝም።

ደረጃ 10፦ አራተኛ ዓሣ ቢመጣ

ከአርባ ምንጭ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ሙሉ ናይል ፐርች ካገኛችሁ ደረጃ 3ን ብቻ ሥሩበት። የሆድ ክንፉ ደረት ሥር ነው፣ የፊተኛው የጀርባ ክንፉ በወፋፍራም እሾሆች የተሞላ ነው፣ ቅርፊቱም በእርግጥ ጥርሳም ነው። ወደ ቆሮሶ በኩል ይሄዳል፣ ግን አስተኔው ላቲዴ ነው።

ከጣና የመጣ ባርበስ ካገኛችሁ ደግሞ ከካርፕ ጋር ታሳስቱታላችሁ። የሆድ ክንፉ ሆድ መካከል፣ ጥርሱ ጉሮሮ ውስጥ ስለሆነ ወገኑ በእርግጥ የካርፕ በኩል ነው። የምትለዩት በጀርባ ክንፉ ነው፤ የባርበሱ አጭር፣ የፊተኛው ጠንካራ ዘንጉም ባለ መጋዝ ያልሆነ ነው።

ጽዳት

የሆድ ዕቃውንና ቆዳውን በፌስታል ቋጥራችሁ ግቢ ጥግ አታስቀምጡ። በከተማው ዳር የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው ሌሊት ውሻ ይጎትተዋል፣ ጅብም ይከተላል። ከጉልበት በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ አፈሩን ረግጣችሁ ድንጋይ አስቀምጡበት። ትሪዎቹንና ጠረጴዛውን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ በውሃ በቀጠነ በረኪና አብሱ። በረኪናውን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ለእጃችሁ ሽታ ሎሚ መጠቀም ትችላላችሁ፣ በረኪናው ከተነሣና እጃችሁ በንጹህ ውሃ ከታጠበ በኋላ። የተለቀሙትን አጥንቶች ፀሐይ ላይ አድርቁና ስማቸውን ጽፋችሁ በክብሪት ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ከመምህሩ ጋር ክርክር ሲነሣ እነሱ ያስፈልጋሉ።